ጥቁሩ እጅጌ

የደብሪቱን ገዳይ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ፖሊስ ነው ያገኘው የሚላችሁ ካለ፣ ስሙትና እለፉት። ትምህርቴን የተውኩት ስምንተኛ ክፍል ላይ ቢሆንም፣ ትከሻው ላይ ኮከብ የደረደረ ሁሉ ያላየውን ያየሁት እኔ ናዝሬት ነኝ፤ በእነዚህ በሁለት ዓይኖቼ፣ ያውም በጉንፋን እያለቀሱ። ሲግናል አካባቢ ይህን ከአፌ ያልሰማ ሰው የለም። ያልሰማ ካለ ይኸው።

መጀመሪያ ሬሳው።

ከእንጦጦ ማርያም ወረድ ብሎ ጫካው ውስጥ፣ ድሮ ድንጋይ ተፈልጦበት የቀረ ገደል አለ። ደብሪቱ እዚያ ሥር በጀርባዋ ተዘርግታ ነበር። ፊቷ እንደ ሁልጊዜው ነጭ ተቀብቷል። ከንፈሯ ደም የመሰለ ቀይ ነው። አንድ እግር ጫማዋ ወልቆ፣ ከእሷ ራቅ ብሎ፣ ሰው ያደረገው ይመስል ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሌላ ቀን ቢሆን ያ ጫማ ብቻውን አገር ያስቅ ነበር።

ደብሪቱን የማያውቅ ሰው ስልክ የሌለው ብቻ ነው፤ ለእሱም እነግረዋለሁ። ሲግናል ላይ ልብስ ቤት ተቀጥራ ሳለ፣ ደንበኛ ሲጠፋ ከመስታወቱ ጀርባ፣ ልብስ ከለበሱት አሻንጉሊቶች መሀል ድርቅ ብላ ትቆማለች። መንገደኛው ዋጋ ለማየት ጠጋ ሲል ቅንድቧን ብቻ ታነሳለች። አንድ ቀን አምሃ የሚባል የሠርግ ካሜራማን አይቷት ቀረጻት። ከዚያ ወዲህ ዝም ብሎ ማሳቅ ሥራዋ ሆነ። ፊልሞቿ አጫጭር፣ ጥቁርና ነጭ፣ ቃል የማይወጣባቸው ናቸው። ከእግሯ የሚሰፋ ጫማ ያደረገች ትንሽ ሴት ትወድቃለች፣ ትነሳለች፣ አቧራዋን ታራግፋለች፣ ከዚያ ለጣላት ድንጋይ ጎንበስ ብላ እጅ ትነሳለች። ይኸው ነው። ግን ጃፓን ያለ ሰው ሳይቀር ይስቅላታል። ጋዜጠኛ ሲጠይቃት እንኳ የምትመልሰው በቅንድቧ ነው። ድምጿን የምንሰማው አብረናት የምንሠራው ብቻ ነን፤ ፊቷን ከታጠበች በኋላ ደግሞ ማን ያስቆማታል።

አብረናት የምንሠራው አራት ነን። አምሃ አለ፤ ፊልሙን የሚያወጣውም የሚቀርጸውም እሱ ነው። ያ የማያወልቀው ቀይ ሹራቡ ከመገናኛ ይታያል እያልን እንስቅበታለን። ጋሽ ገመቺስ ደብሪቱን የሚያባርረው ወፍራሙ ፖሊስ ነው፤ ረጅም ጥቁር ካፖርት ይለብሳል፣ ሁለት ሴት ልጆች በዚያ ካፖርት ያሳድጋል። ሲፈን ሜካፑንና ልብሱን ትይዛለች፣ ለሁላችንም ትቆጣለች። እኔ አንዳንዴ ሌባ ሆኜ እሠራለሁ፤ ሌላ ጊዜ ተላላኪ ነኝ።

የዚያን ቀን ጠዋት ወፍጮ ቤት ውስጥ ቀርጸን ነበር። ደብሪቱ ፖሊሱ ላይ የዱቄት ከረጢት ታፈነዳበታለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፖሊሱ ጫካ ውስጥ ያባርራታል፤ እሷ ፊቷን ወደ እሱ አድርጋ፣ ይቅርታ እየጠየቀች፣ ጎንበስ ቀና እያለች ወደ ኋላ ትሄድና ከገደሉ ትወድቃለች። ከታች ካሜራው የማያያቸው፣ በደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል የታጨቁ ጆንያዎች አሉ። እሷ ራሷ ወርዳ ሳትረግጣቸው አትሠራም። ያን ቀንም ወርዳ ረገጠቻቸው፣ ወጣች፣ ቦታዋን ያዘች።

ሥራችን ድምፅ ስለሌለው «ጀምሪ» ብሎ የሚጮህ የለም። ካሜራው ከታች በስታንድ ላይ ብቻውን ይቆማል፤ አምሃ ማዶ ካለው ቋጥኝ ላይ ወጥቶ ነጭ ጨርቅ ያውለበልባል፣ እሷ ጨርቁን አይታ ጀርባዋን ለገደሉ ትሰጣለች። እኔ መንገድ ላይ ቆሜ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱትንና የሚሮጡትን ማስቆም ነበረብኝ። ጉንፋኑ ግን መቆም ከለከለኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ተደብቄ ገባሁ፣ ጋቢ ተከናነብኩ፣ ካሜራው የሚያየውን የሚያሳየውን የአምሃን ሁለተኛ ስልክ ከወንበሩ ላይ አንስቼ ማየት ጀመርኩ።

አንዴ፣ ገና ቀረጻው ሳይጀመር፣ በስክሪኑ ጥግ የጆንያ ጫፍ የሚጎትት እጅጌ ብቅ ብሎ ጠፋ። እያስተካከሉ ነው ብዬ አለፍኩት። ትንሽ ቆይቶ ደብሪቱ ከላይ ታየች፣ በጀርባዋ፣ ጎንበስ ቀና እያለች። ወደቀች።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ተነስታ እጅ እስክትነሳ ጠበቅሁ።

*

ኢንስፔክተር ፀዳለ ስትደርስ ጉም ወርዶ ነበር። ቀጭን ሴት ናት፤ መነጽሯን በጫማ ማሰሪያ አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች፣ የሱሪዋን ጫፍ ካልሲዋ ውስጥ ከታለች። ፋራ ናት ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

ማንንም ሳታናግር ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ቆየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ከፊልሞቿ አንዱን አሳዪኝ አለችኝ። ከፈትኩላት። ደብሪቱ በስክሪኑ ላይ ወድቃ ተነሳች፣ ጥቁር ከንፈሯን አሹላ ለጣላት ውሻ እጅ ነሳች። ኢንስፔክተሯ ስልኩን አየች፣ ሬሳውን አየች፣ እንደገና ስልኩን አየች።

«ከንፈሯን የቀባት ማን ነው?»

ሲፈን እኔ ነኝ አለች፤ ጨርቁ እስኪውለበለብ ድረስ እላይ ከደብሪቱ ጋር ቆማ ስታስተካክላት እንደነበር ተናገረች። ኢንስፔክተሯ ስለ ቀለሙ ጠየቀቻት፣ እሷም አንድ ነገር መለሰችላት። የሜካፕ ወሬ ነው ብዬ ንፍጤን ልጠርግ ዞር አልኩ።

ጆንያዎቹ ከገደሉ ፈንጠር ብሎ ባለው ቁልቁለት ላይ ነበሩ። አምሃ በሹራቡ እጅጌ ዓይኑን እየጠረገ፣ ተንሸራተው ነው አለ፣ ቅጠል ቀላል ነው፣ ነፋስ ነው፣ እኔ ቋጥኙ ላይ ስለነበርኩ አላየሁም። ኢንስፔክተሯ ጆንያዎቹን አንድ በአንድ በመዳፏ አሸች፣ መዳፏን አየች። ከአንዱ ላይ አንዲት ክር ነቅላ ወረቀት ውስጥ ጠቀለለች። የጆንያ ክር ምን ያደርግላታል አልኩ በልቤ። ቀለሙን እንኳ አላየሁም።

ጋሽ ገመቺስ ሬሳው አጠገብ ተንበርክኮ ነበር። ከራሱ እስከ ጫማው የጠዋቱ ዱቄት ነው፤ እንባው ፊቱ ላይ ሊጥ ሠርቷል። የት እንደነበረ ስትጠይቀው፣ ከደብሪቱ ኋላ ዛፎቹ መሀል፣ ብቻዬን፣ ተራዬን እየጠበቅሁ አለ። ከዚያ ወደ ታች አቋራጭ አለ ወይ ብትለው፣ አለ አላት። ውሸት አያውቅም።

«ጠዋት ተጣልታችኋል ይባላል» አለችው።

«ጮኬባታለሁ» አለ ጋሽ ገመቺስ። «ይህ የመጨረሻው ፊልም ነው፣ ከእንግዲህ እናገራለሁ ስትለኝ፣ አንቺ አፍሽን ከከፈትሽ እኔ ልጆቼን በምን ላሳድግ አልኳት። ከዚያ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። እሷ ግን ፊቷን ተቀብታ ነበርና አልመለሰችልኝም። እጅ ነሳችኝ።»

ያኔ ነው እጄን ያወጣሁት። ክፍል ውስጥ እንኳ እንዲያ አውጥቼ አላውቅም።

«እኔ ያየሁት አለ» አልኩ። «ጆንያው አልተንሸራተተም። ጥቁር እጅጌ ሲጎትተው በስክሪን አይቻለሁ።»

 አምሃ ስልኩ ሚኒባስ ውስጥ አልነበረም ወይ አለ። እኔም ነበርኩ አልኩት። ፊቱ የነጣው በኔ ስንፍና ተናዶ መስሎኝ ነበር።

«የማን እጅጌ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ከመካከላችን ጥቁር የለበሰ እሱ ብቻ ነው» አልኩና ጋሽ ገመቺስን በጣቴ አሳየሁ።

ጋሽ ገመቺስ አልጮኸም። እያየኝ «ናዚ» አለ፣ «እኔ?» ብሎ። ፖሊሶቹ ግራና ቀኝ ይዘው ወሰዱት። የዱቄቱ ብናኝ መኪናቸው ወንበር ላይ ቀረ።

ማታ ሲግናል ላይ ጀግና ነበርኩ። ሲፈን ብቻ ነች ያላመሰገነችኝ። የጋሽ ገመቺስ ትልቋ ልጅ ጣቢያ በር ላይ የአባቷን ሹራብ ይዛ ስትቆም አይታት መጥታ፣ ቡናማ ሹራብ ነው፣ እዚያ ውስጥ ይበርዳል፣ ብላኝ የቤቴን በር ዘግታ ሄደች። አልተበሳጨሁም። እውነት የሚናገር ሰው ጠላት ያፈራል ብዬ ተኛሁ።

*

በማግስቱ ኢንስፔክተሯ ካራ ድረስ ይዛኝ ሄደች። ከደብሪቱ ስልክ ስሙን አግኝታ፣ ሀብተወልድ የሚባል ሰው ቤት ፈልጋ ነው፤ ደብሪቱ ብርቱካን እያስያዘች ስለምትልከኝ ቤቱን የማውቀው እኔ ነበርኩ። መንገድ ላይ ደጋግማ አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

«እጅጌውን ያየሽው የት ነው?»

«በስክሪን አልኩዎት እኮ።»

«በዓይንሽስ?»

«ስክሪኑን ያየሁት በምኔ መሰለዎት?»

አልሳቀችም። መስኮቱን ከፍታ ስለ ጉንፋኔ ደህና ነሽ ወይ አለችኝ።

ሀብተወልድ ከጋሽ ገመቺስ በፊት ፖሊሱን ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ከወገቡ በታች አይንቀሳቀስም። እኛ ሁላችን የምናውቀው፣ ሰክሮ ከቤቱ ደረጃ ላይ መውደቁን ነው። ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጦ፣ ደብሪቱ እንደሞተች ከሰማ ወዲህ ያልተላጨ ጢሙን እያሻሸ፣ ደረጃ የሚባል ነገር ቤቱ እንደሌለው አሳየን። እውነትም የለውም፤ ያን ሁሉ ጊዜ ብርቱካን ሳመላልስ ልብ አላልኩም። የወደቀው ከዚያው ገደል ነው። ፀሐይ እየጠለቀች ስለነበር አምሃ አስቸኮለው፣ ጆንያዎቹ ግማሹ አልተሞሉም። ከዚያ ሰክሮ ነው ተብሎ ተወራ። ደብሪቱ እውነቱን ታውቃለች።

«ዝም ማለት ሥራዬ ነው እያለች እዚህ ቁጭ ብላ ትቀልድ ነበር» አለ ሀብተወልድ። «ኋላ ቀልዱን ተወችው። እሑድ መጣችና፣ ሀብቴ፣ ፊቴን ሳልቀባ ካሜራ ፊት እቀመጣለሁ፣ ሰው ድምፄን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው ስምህን ስጠራ ነው አለችኝ።»

ስንወጣ እኔ ነገሩን አብራራሁላት። ያው ነው፣ እሷ ከተናገረች ፊልሙ ይቀራል፣ የጋሽ ገመቺስ እንጀራ ይቋረጣል፣ ስለዚህ ገደላት አልኳት።

«እንጀራው የሚቋረጥ ሰው አለ» አለችኝ፣ «እስር ቤት የሚገባ ሰው ደግሞ አለ። እነዚህ አንድ ሰው ናቸው?»

 አስነጠሰኝ።

*

በነጋታው ሁላችንንም ገደሉ ሥር ሰበሰበችን። ሲፈን አለች፣ አምሃ አለ፣ ጋሽ ገመቺስን ከጣቢያ በፖሊስ አስመጥታለች። የጫማውን ገመድ ወስደውበት ስለነበር ልክ እንደ ደብሪቱ እየጎተተ ነው የሚራመደው፤ ማንም አልሳቀም። ጉሙ የባሕር ዛፉን ጫፍ ውጦታል። አምሃ በሸሚዝ ብቻ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከቶ ይንቀጠቀጣል።

«ሹራብህስ?» አለችው ኢንስፔክተሯ።

«አጥቤው አልደረቀም።»

«ደርቋል። ከገመዱ ላይ አስወርጄዋለሁ» አለችና አንዱን ፖሊስ በዓይኗ ጠቀሰችው።

ከዚያ ካሜራውን በቦታው አስቆመች፣ እኔን ሚኒባስ ውስጥ አስገብታ ስልኩን ሰጠችኝ። መጋረጃውን ጋረደችው። ጆንያ ይጎተታል፣ ያኔ ያየሽው የትኛው እንደሆነ ከዚያው ሆነሽ ትነግሪናለሽ አለችኝ። ደስ አለኝ። ለዚህ ነው የፈለገችኝ አልኩ።

የመጀመሪያው እጅጌ አለፈ። ነጭ ነው። አይደለም ብዬ ጮህኩ።

ሁለተኛው መጣ። ያው ራሱ፤ ጥቁር፣ የስክሪኑ ጥግ ላይ፣ የጆንያውን ጫፍ ይዞ።

«እሱ ነው» አልኩ፣ «ጋሽ ገመቺስ ነው፣ ይኸው!» በሩን ከፍቼ ዘለልኩ።

ጋሽ ገመቺስ የቆመው ወዲያ ነው፤ ካፖርቱን ለብሶ፣ ዱቄቱ ከላዩ ሳይራገፍ። ጆንያውን ይዞ ያጎነበሰው ቅድም በዓይኗ የጠቀሰችው ፖሊስ ነው። የለበሰው የአምሃን ሹራብ ነው፤ ቀዩን።

 ኢንስፔክተሯ አልቸኮለችም።

«የደብሪቱ ከንፈር እዚህ ቀይ ነበር» አለች፣ «ፊልሙ ላይ ጥቁር ነው። ሲፈንን ጠየቅኋት። ጥቁር ቀለም ያብረቀርቃል፣ ስለዚህ ቀይ እንቀባታለን፣ ይህ ካሜራ ቀይን ሲያይ ጥቁር ያደርገዋል አለችኝ። ናዝሬት ያየችው በዚያው ካሜራ ነው። ስለዚህ ጥቁር አየሁ ስትለኝ አልዋሸችም፤ ግን ጥቁር ነው ማለት አልነበረም። እናንተ በቀለም መኖር ትታችኋል።»

ወደ ጋሽ ገመቺስ ዞረች።

«እኚህ ሰው ደግሞ በዚያ ሰዓት ጥቁር አልነበሩም። ሲፈን፣ ከወፍጮ ቤቱ በኋላ ዱቄቱን ለምን አላራገፍሽላቸውም?»

«ክልክል ነው» አለች ሲፈን። «ቀጣዩ ትዕይንት እስኪያልቅ እንዳለ መቆየት አለበት። አለበለዚያ ፊልሙ ሲገጣጠም አንዴ ዱቄት፣ አንዴ ንጹሕ ይሆናል።»

«ስለዚህ የእሳቸው እጅጌ በስክሪኑ ነጭ ነው፤ አሁን መጀመሪያ ያለፈው የእሳቸው ነበር፣ ናዝሬትም አይደለም አለች። ጆንያ ጎትተው ቢሆን ደግሞ ጆንያው ዱቄት ይነካው ነበር። በመዳፌ አሸሁት፤ አቧራ ብቻ ነው። የተገኘው ይህ ነው።» ወረቀቱን ፈታች። ክሯ ቀይ ሱፍ ናት። «ሲፈን እስከ መጨረሻው ከሟቿ ጋር ነበረች። ናዝሬት ሚኒባስ ውስጥ። የቀረው ቋጥኙ ላይ ነበርኩ ያለው ሰው ነው። ጆንያዎቹን ጎተተ፣ ቀረጻውን አስጀመረ፣ ቋጥኙ ላይ ወጣ፣ ጨርቁን አውለበለበ። ነፋስ ነው ብሎ ሊገላገል ነበር፤ ሚኒባስ ውስጥ ሰው ይኖራል ብሎ አላሰበም። ደብሪቱ ካራ ስላለው ሰው ልትናገር መሆኑን ቀድማ ነግራዋለች፤ ሀብተወልድ ትናንት ማታ በስልክ ነገረኝ። ሰውን ተደብቄ አላሳጣም ብላ ነው።»

አምሃ መሬት ላይ ተቀመጠ። የሚያየው ገደሉን እንጂ እኛን አልነበረም።

«ትሞታለች አላልኩም» አለ። «እግሯ ቢሰበር፣ ትንሽ ብትተኛ፣ ሐሳቧን ትቀይራለች ብዬ ነው። እኔ ነኝ ከዚያ መስታወት ጀርባ ያወጣኋት።»

«ሀብተወልድም ተኝቷል» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሐሳቡን አልቀየረም።»

ሲወስዱት ሹራቡን ማንም አልሰጠውም። ሲፈን ጋሽ ገመቺስ ላይ ያለውን ዱቄት በሁለት እጇ ማራገፍ ጀመረች፤ ትከሻውን፣ ጀርባውን፣ እጅጌውን፤ ትዕይንቱ አልቋል። ካፖርቱ ከሥር ጥቁር ሆኖ ወጣ። እሱ እንደ ልጅ ቆሞ ያለቅስ ነበር።

*

ፊልሙ ሳያልቅ ቀረ። ሀብተወልድ ግን ስልኩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ እሷ ልትለው የነበረውን ራሱ አለው። በቀለም ነው የቀረጸው።

እኔ ሲግናል ላይ ነበርኩ። የደብሪቱ አሮጌ ልብስ ቤት በር ላይ ሰዎች ከበውኝ፣ ነገሩን ከመጀመሪያው እየነገርኳቸው፣ እጅጌውን በእጄ እያሳየሁ፣ እኔ ባላይ ኖሮ ነፋስ ነው ተብሎ ይቀር ነበር፣ ስለዚህ ገዳዩን የያዝኩት እኔ ነኝ ስል፣ ሳቁ ድንገት ተቋረጠ። ዞር ስል ጋሽ ገመቺስ ትንሿን ልጁን እጇን ይዞ ከኋላዬ ቆሟል። ከመቼ ጀምሮ እንደሚሰማ አላውቅም። ካፖርቱን አልለበሰም።

«ጋሼ» አልኩ፣ «እውነቴን አይደለም? እኔ መንገድ ላይ ብቆም ኖሮ ማን ያይ ነበር?»

«መንገድ ላይ እንዳትቆሚ ያደረገሽ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ጉንፋን።»

«እንግዲያው ገዳዩን የያዘው ጉንፋንሽ ነው» አለ ጋሽ ገመቺስ። «አንቺ የያዝሽው እኔን ነው።»